የቀረችው አርባ ኪሎ ሜትር

«ሃኒቴሊ፣ ጉዞህ እያበቃ ነው። ቀጥሎ ወዴት?»

መልእክቱ ሲገባ ቫሲቲ ሃያ ኩባያ ሻይ የተደረደረበት ትሪ ይዛ በለቀስተኛው መሃል እየተሽሎከለከች ነበር። የአባቷ ስልክ ወገቧ ላይ በታጠቀችው ሰሌን ውስጥ ተወሽቋል፤ ሁለቴ ነዘራት። ትሪውን ጥላ አታየው ነገር። ያ ትልቅ፣ የተቀዳደደ፣ ደረቷ ድረስ የሚወጣ ሰሌን ደሞ እንኳን ስልክ ሊያወጡበት ሊተነፍሱበትም አይመችም። በቶንጋ ወግ አባት ሲሞት ልጅ የሚታጠቀው እንዲህ ያለውን ነው፤ በተቀደደ ቁጥር ሐዘኑም ያን ያህል ነው ይባላል።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን በተረከዟ ዘጋችና አየችው። ከመኪና አበዳሪው ድርጅት ነው። ከስር ደሞ «ውሳኔህን ለማሳወቅ ሰባት ቀን ቀርቶሃል» ይላል።

አባቷ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑ ገና ቤት አልመጣም።

ኮምፒውተር ነው የሚልከው፣ ታውቃለች። ግን እስቲ እናንተ ብትሆኑ፤ የሞተ አባታችሁን በስሙ ጠርቶ «ወዴት?» የሚል ነገር እጃችሁ ላይ ቦግ ሲል።

ከመስኮቱ ስር ሁለት ሴቶች ጎደሬ እየላጡ ይንሾካሾካሉ። አንዷን በድምጿ ለየቻት፤ እትዬ ሶኮፔቲ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን። ሲድኒ ዳር ባለችው ሚንቶ ውስጥ እሳቸው የማያውቁት ወሬ ገና ያልተፈጠረ ወሬ ነው።

«ግን እኮ፣ ለምን በእግሩ?» አሉ እትዬ ሶኮፔቲ።

«ሥራ እየሄደ ነበር ይላሉ።»

«ሥራ እየሄደ ነበር፣ ይሁን። እንዲህ ያለች መኪና በር ላይ አቁሞ ሰው በዚያ ጨለማ ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል?»

«መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው መንጃ ፈቃዱን በምን ይቀማል?»

የቢላዋው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ኧረ እሱ አይጠጣም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እኮ ነው።»

«እንግዲያስ ወደ ሥራ አልነበረም የሚሄደው» አሉ እትዬ ሶኮፔቲ። «መኪና ከሩቅ ይታወቃል የኔ እህት። እግር ግን ማን ደጃፍ እንደቆመ ማን ያውቃል።»

ቫሲቲ ትሪውን አጥብቃ ያዘች። አባቷ ለምን በእግሩ እንደሄደ በዚህ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እናቷ እንኳ አታውቅም። መስኮቱን ከፍታ መናገር ትችላለች። ከተናገረች ግን ሌላውም ነገር አብሮ ይወጣል፤ ሌላው ሲወጣ ደሞ እሷም።

መኪናዋ ደጅ ሣሩ ላይ ቆማለች። ጋራዡ ለወንዶቹ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ መጠጫ ስለተፈለገ አጎቶቿ ገፍተው አወጧትና ጥቁር ሸራ አለበሷት። ነፋስ ሲመጣ ሸራው ከስር እየተነሳ ይወድቃል፤ የሚተነፍስ ነገር ይመስላል። ሰው ሁሉ ሲገባ ያያታል። ሲወጣም ያያታል።

*

አክስቷ አናሴኒ መኪናዋን የጠየቁት በሁለተኛው ቀን ነው። «ጠየቁ» ስል ደሞ ስጡኝ አላሉም።

ከቶንጋ መጥተው ከአውሮፕላን ጣቢያ ሲገቡ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ደጅ ቆም አሉና ሸራውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርገው አዩ። ጥቁር፣ ባለ ሰባት ወንበር፣ እንደ መስታወት የምታበራ።

«ይቺ መኪና ታምራለች» አሉ።

በቃ። ያቺ ናት። የአባት ታላቅ እህት አንድን ነገር «ያምራል» ካሉ ተሰጥቷል ማለት ነው። በሐዘን ላይ ከሳቸው በላይ ማንም የለም፤ ፓስተሩም ቢሆን። እሳቸው በአስከሬኑ ራስ በኩል ይቀመጣሉ፣ ምርጡ ሰሌን ለሳቸው ይሄዳል፣ የሟች ሚስትና ልጆች ደሞ ከወጥ ቤት ወደ ግርጌ፣ ከግርጌ ወደ ወጥ ቤት ነው። የቫሲቲ እናት ሎሳ አንገቷን ደፍታ፣ «የርስዎ ናት» አለች።

ቫሲቲ እናቷን አየቻት። እናቷ መሬት መሬቱን አየች።

መኪናዋ የሳቸው መሆን አትችልም ነበር። ለምን ብትሉ የሃኒቴሊም አይደለችማ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሃኒቴሊ ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ለስድስት ዓመት አጠራቅሟል። በትርፍ ሰዓት፣ በበዓል ቀን፣ ማንም በማይፈልገው ፈረቃ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደረ። ሊገዛ አንድ ወር ሲቀረው ባሕሩ ተነስቶ የአናሴኒን ቤት ወሰደው። ስልክ ተደወለ። ሃኒቴሊ ስልኩን ዘጋና ለትንሽ ጊዜ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ ባንክ ሄደ። ለአክስቷ ቤት ቆመላቸው፤ ግድግዳ ከነጣሪያው።

ችግሩ መኪና እንደሚገዛ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነግሯል። አሁን «እህቴን ረድቼ ነው ያልገዛሁት» ይበል? እህቱን አማ ማለት ነው፤ ያ ደሞ በሱ አፍ አይወጣም። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመቷን ቫሲቲን ይዞ መኪና መሸጫ ሄደ፣ እንድታነብለት።

ሻጩ የሚናገረው እንደ ጨረታ ነበር። ቫሲቲ የገባትን ያህል አስረዳችው። «አባዬ፣ ለሦስት ዓመት በየወሩ ትከፍላለህ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ሦስት መንገድ አለህ። ሃያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር ባንድ ጊዜ ከፍለህ ታስቀራታለህ። ወይ በአዲስ ትቀይራታለህ። ወይ ደሞ ትመልሳታለህ፣ በቃ፣ ሰላም።»

«ከሦስቱ የቱ ነው የሚሻለው?»

«እሱን ያኔ ትወስናለህ።»

«ያኔ እኔ የት አለሁ» ብሎ ሳቀና ፈረመ። እናቷም አብራ እንድትፈርም ወረቀቱ ቤት መጣ።

እሁድ ፓስተሩ መኪናዋን ባረኳት። ሰው ሁሉ «እንዴት ገዛሃት?» ሲለው ሃኒቴሊ «ጌታ ሰጠኝ» ይላል። ጌታ በወር አምስት መቶ ሰማንያ ዶላር እንደሚቀበል ግን አይናገርም።

*

በአምስተኛው ቀን ፌሌቲ መጣ፣ የአናሴኒ ልጅ፣ ሜትር ይዞ። እሱም እዚሁ ሲድኒ ነው የሚኖረው፤ ወደብ አካባቢ ኮንቴይነር ይጭናል። ሸራውን አንስቶ ከፊት እስከ ኋላ ለካና በእጁ ላይ ጻፈ።

«አራት ሜትር ከሰባ። ልክ ትገባለች» አለ። «ቫሲ፣ ቁልፉን አምጪ እስቲ።»

«እማዬ ጋ ነው።»

ቁልፉ ሰሌኗ ውስጥ ነበር፣ ከስልኩ ጎን።

«ሐሙስ ጠዋት ነው የምንጭናት። መርከቧ ቅዳሜ ትነሳለች። እናቴ መንደር ውስጥ በዚች ስትዞር አስቢው። መንገዱ እኮ ከመኪናዋ ይጠባል።»

«ፌሌቲ፣ ምናልባት... ወረቀቷ ምናምን...»

«የምን ወረቀት?»

«ማለቴ የመርከብ።»

«እሱን ለኔ ተይው። እኔ ያለ ወረቀት ጀልባ አሳልፌያለሁ።» ሳቀ። «ምነው ፊትሽ? ቅናት ነው? መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ አምስት ወርሽ፤ ያንቺ ትሆናለች ብለሽ ነበር አይደል?»

«በሕይወቴ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ሃኒቴሊ መንዳት ያስተማራት በቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ልጅ የአባቱን ራስ አይነካም፤ ራሱ የሚያርፍበትንም። የሹፌሩ ወንበር የራስ መደገፊያ ላይ ደሞ የአባቷ ራስ ነበር፤ ሁሌ የሚቀባው የኮኮናት ዘይት ክብ ሆኖ ታትሟል። ቫሲቲ መኪናዋን ስታጥብ እንኳ ያቺን ቦታ ዘላ ነው።

ፌሌቲ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየ። ቫሲቲ ሰሌኗን ስታስተካክል ቁልፉ ተጫነና መኪናዋ ቲክ ብላ አራቱም መብራቷ በራ። ፌሌቲ ወደ ኋላ ዘለለ። ጋራዥ ውስጥ ካቫ የሚጠጡት ወንዶች ዞር ብለው አዩ። ከመሃላቸው አንዱ ቀስ ብሎ፣ «መጣ እንዴ ሰውዬው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ማታ ላይ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ብቻቸውን ሲሆኑ ቫሲቲ ስልኩን አሳየቻት። «ስድስት ቀን ቀርቶሃል» ይላል አሁን።

«እማዬ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ከገባች አለቀልሽ። ከአገር መውጣት የለባትም፣ ውሉ ላይ አለ። ያንቺም ፊርማ አለበት። ፖሊስ የሚመጣው ወዳንቺ ነው።»

«ዝቅ አርጊ ድምፅሽን።»

«ለአክስቴ እንንገራቸው።»

«ምን ብለን? ወንድምዎ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዋሽ ነበር? አስከሬኑ ሳይቀበር?» ሎሳ ዓይኗ አብጧል፤ አራት ቀን አልተኛችም። «ከፍለን እንሰጣቸዋለን። ለለቅሶ ከሚመጣው።»

«የመጣው ለሳጥኑና ለአሳማዎቹ አልቋል እኮ።»

«ሌላ ይመጣል።»

«ሃያ ስድስት ሺህ?»

እናቷ የታጠበ ኩባያ አንስታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ጀርባዋን እንዳዞረች፣ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ለምንድነው በእግሩ ይሄድ የነበረው?» አለች። «ለጤናዬ ነው ይለኝ ነበር። ሰው ግን እያወራ ነው። እኔም እየሰማሁ ነው።»

ቫሲቲ ፎጣ አንስታ ኩባያውን ማድረቅ ጀመረች።

*

ነገሩ ኪሎ ሜትር ነው።

መኪናዋን መመለስ ከፈለጋችሁ ከአርባ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የለባትም፤ ካለፈች በየኪሎ ሜትሩ ሃያ ሁለት ሳንቲም ይቀጣሉ። ሃኒቴሊ ደሞ መኪናዋን ሲያገኝ ዓለምን ነው የዞረባት። የማን እንግዳ ከአየር ማረፊያ ይምጣ፣ ሃኒቴሊ። የማን አሮጊት ሐኪም ቤት ትሂድ፣ ሃኒቴሊ። ሜልቦርን ለሠርግ፣ ብሪስቤን ለቀብር። «አይ» የሚል ቃል አልተፈጠረበትም።

ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ቫሲቲ የመኪናዋን የኪሎ ሜትር ቁጥር አይታ ጮኸች። አርባ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥር።

«አባዬ፣ ስድስት መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረህ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለስድስት ወር።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፈርቶ አየችው፤ አባቷን ፈርቶ አይታው አታውቅም። እስክሪብቶ አመጣችና ቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ አሰላችለት። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ ሃያ ስድስት። እሁድ እሁድ ብቻ ከነዳ ይበቃዋል፣ መኪናዋን ለመመለሻ የሚሆን ዘጠኝ ኪሎ ሜትርም ይተርፈዋል። ሲመልሳት ደሞ «ሰለቸችኝ» ይላል፤ ማን ያውቅበታል?

«ሥራስ?» አላት።

ፈረቃው ሳይነጋ ስለሚጀምር በዚያ ሰዓት አውቶብስ የለም። የሥራ ባልደረባውን አድርሰኝ እንዳይል «መኪናህስ?» ይለዋል።

«በእግርህ» አለች ቫሲቲ። እየሳቀች ነው ያለችው። «ስድስት ኪሎ ሜትር ምን አላት? ቦርጭህም ይቀንሳል።»

እሱም ሳቀ። ቦርጩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ደህና ሁኚ በያት» አለ።

ከዚያ በየእሁዱ ማታ ቁጥሩን ታነብለታለች፣ እሱ ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጽፋል። ጨዋታ ሆነባቸው። ክረምቱ ሲገባ ሲመለስ ደረቱን ሲያሽ አይታዋለች። «ብርዱ ነው» አላት። አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ፣ «ዛሬ እንኳ ንዳ» ስትለው፣ «ቁጥራችንን ልታበላሺ ነው?» ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ሰኞ ንጋት ላይ የቆሻሻ መኪና ሹፌር ልቡ ቆሞ ከመንገዱ ጠርዝ ወድቆ አገኘው።

ቫሲቲ አሁን ሌላ ስሌት ነው በራሷ ውስጥ የሚዞረው። ሥራ ደርሶ መልስ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። በሃያ ሁለት ሳንቲም ሲባዛ፣ ሁለት ዶላር ከስልሳ አራት። በቀን። ሻይ ስትቀዳ ሁለት ከስልሳ አራት። ኩባያ ስታነሳ ሁለት ከስልሳ አራት።

*

ቅዳሜ ቀበሩት።

ከቀብሩ በፊት አስከሬኑ ቤት አደረ። አናሴኒ በራሱ በኩል ተቀመጡ፤ ዘይት በመዳፋቸው ያዙና ፀጉሩን ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ዳበሱት። ሌላ ሰው ያንን ማድረግ አይችልም። ቫሲቲ ከግርጌ ሆና ካልሲውን ነው የምታየው። ከካልሲው ውስጥ እግሩ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ የቆሰለውን ተረከዙን እሷ ናት ፕላስተር የምትለጥፍለት የነበረችው።

ሳጥኑ ሲወጣ መኪናዋ አጠገብ አለፈ። ያኔ ስልኩ ነዘረ። ሰሌኗን በእጇ ጨፍልቃ ያዘችው፤ እሱ ግን እስኪጨርስ ነዘረ።

«አምስት ቀን ቀርቶሃል፣ ሃኒቴሊ።»

*

አሥረኛው ቀን ፀጉር የሚቆረጥበት ቀን ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ፀጉሯ አልታሰረም፣ አልተበጠረም። የአባት እህት በመቀስ ትቆርጠዋለች፤ ሐዘኑ ከልጅቷ ላይ ይነሳል።

ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል። እትዬ ሶኮፔቲ ከፊት፣ ምርጥ ቦታ ላይ። ፌሌቲ በሩ ጋ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል፤ የነገውን መኪና መጫኛ ሰዎች ነው የሚያናግረው። ሎሳ ጥግ ላይ እጇን አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። ሃያ ስድስት ሺህ አልመጣም። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው የመጣው።

ቫሲቲ መሬት ላይ ጀርባዋን ለአክስቷ ሰጥታ ተቀመጠች። አናሴኒ ፀጉሯን በሙሉ በግራ እጃቸው ሰበሰቡ። የመቀሱ ብረት አንገቷን ሲነካት ቀዝቃዛ ነበር።

አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«አክስቴ፣» አለች፣ በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ። «መኪናዋ የኛ አይደለችም። በብድር ናት። ነገ ወይ መክፈል ወይ መመለስ አለብን። መርከብ ላይ ከወጣች እማዬን ያስሯታል።»

መቀሱ አልተንቀሳቀሰም። የአክስቷ ትንፋሽ ጆሮዋ ላይ መጣ።

«በጥሬ ገንዘብ ነው የገዛት።»

«ገንዘቡ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።»

«መቼ?»

ቫሲቲ ዓመቱን ብትናገር ቤቱን መናገሯ ነው። መናገርም አላስፈለጋት፤ ፀጉሯን የያዘው እጅ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሲሄድ ተሰማት። የራሷ ቆዳ ተሳበ።

«የጣሪያውን ከየት አመጣህ ብዬ አልጠየቅኩትም» አሉ አናሴኒ። ለሷ አልነበረም የተናገሩት። ከዚያ ለሷ፣ «በእግሩ የሄደውስ?»

«መኪናዋ እንዳትቆጥር። ኪሎ ሜትር ካለፈ ያስከፍላሉ።»

«ማነው በእግርህ ሂድ ያለው?»

ሴቶቹ ቆረጣው ለምን እንደዘገየ ገርሟቸው ማየት ጀምረዋል። እትዬ ሶኮፔቲ አንገታቸውን እንደ ዳክዬ አስረዝመዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ቫሲቲ። «እየሳቅሁ ነበር።»

የመቀሱ ጫፍ አንገቷ ላይ ነው። ከውጭ ነፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው ይሰማል። አክስቷ ሊጮኹባት፣ ሊገፏት፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊያስነሷት ይችላሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። እሷም ራሷ አትከለክላቸውም ነበር።

ቆረጡት። አንድ ጊዜ፣ ድፍን አድርገው። ፀጉሩ ጭናቸው ላይ ወደቀ።

«ፌሌቲ» አሉ ጮክ ብለው።

«አቤት እማዬ።»

«ደጅ ያለችው መኪና የማን ናት?»

«ያንቺ ናታ።»

«የኔን ምን እንደማደርጋት የሚነግረኝ አለ?»

«ማን ይነግርሻል።»

«እንግዲያስ ኮንቴይነሩን ሌላ ነገር ሙላበት። ቀለሟ አልተስማማኝም። ነገ ቫሲቲ ለሻጮቹ ትመልስልኛለች።»

ፌሌቲ ልኩን የጻፈበትን እጁን አየ። «እማዬ፣ ጥቁር እኮ ነው ቀለሟ።»

«አየሁት።»

አንዲት ሴት ሳቋ አምልጧት በእጇ አፏን ያዘች። አናሴኒ ግን ቀና ብለው ቀጥ ወደ እትዬ ሶኮፔቲ አዩ።

«ወንድሜ ለምን በእግሩ ይሄድ እንደነበር የምትጠያየቁ አላችሁ አሉ። እኔ ነኝ በእግርህ ሂድ ያልኩት። ታላቁ ነኝ፤ አዘዝኩት፣ ሄደ። ሌላ ጥያቄ ያለው?»

እትዬ ሶኮፔቲ የሌለ ሻይ ጠጡ። ጥግ ላይ ሎሳ ፊቷን በሰሌኗ ሸፈነች።

*

ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻው መልእክት ገባ። «ሃኒቴሊ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀንህ ነው።» ቫሲቲ አንብባ ስልኩን አጠፋችው።

ሸራውን አነሱት። ከድርጅቱ የመጣው ወረቀት ላይ የሚመረመረው ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ጭረት፣ ጎማ፣ የወንበር እድፍ። ቫሲቲ ጎማውን አጠበች፣ መስኮቱን ወለወለች። የሹፌሩን በር ከፍታ ግን ቆመች። ያ ክብ የዘይት ምልክት እዚያው አለ። ጨርቁ በእጇ ነው፤ እጇ ግን አልሄደም።

«ወዲያ በይ» አሉ አናሴኒ ከኋላዋ።

ጨርቁን ተቀበሏት። ወንበሩ ላይ አንድ ጉልበታቸውን አሳርፈው መደገፊያውን መጥረግ ጀመሩ፤ ከላይ ወደ ኋላ፣ ከላይ ወደ ኋላ፣ ያን ዕለት ፀጉሩን እንደዳበሱት። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ምልክቱ ሲጠፋ ጨርቁን በአራት አጠፉት፣ አሸተቱት፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ዞረው ከጎን ገቡ፣ ቀበቶ አሰሩ።

ቫሲቲ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች። መስታወቱ የሚያሳየው ጣሪያ ነው፤ ለሱ ቁመት የተሠራ። አስተካከለችው። ሞተሩ ተነሳና ቁጥሩ በራ። አርባ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ።

«ስንት ቀረን?» አሉ አናሴኒ።

«አርባ።»

«ሻጮቹ ጋ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ሌላውን ይመልሱልናል?»

«አይመልሱም። የተረፈ የነሱ ነው።»

አናሴኒ ፊት ለፊት መንገዱን አዩ። «እንግዲያስ አባትሽ በሄደበት ውሰጂኝ።»

ቀስ ብላ ነዳች። አንገቷን ወደ ፊት ሰብቃ፣ ደረቷ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ራሷ ከኋላ የአባቷን መደገፊያ እንዳይነካ። አንደኛው ኪሎ ሜትር ቤቶች ናቸው። ሁለተኛው አጥር ብቻ፣ ረጅም፣ መብራት የሌለው። እዚህ ጋ በዚያ ጨለማ ሰው የሚሄድበት ጠርዝ እንኳ የለም፤ ሣርና ቦይ ነው። ከባድ መኪና ባጠገባቸው ሲያልፍ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። አናሴኒ የበሩን እጀታ ያዙ።

«በየቀኑ?» አሉ።

«በየቀኑ።»

አራተኛው ላይ፣ ከአውቶብስ ማቆሚያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ የደረቁ አበቦች ቆመዋል። ማን እንዳስቀመጣቸው አይታወቅም፤ ምናልባት የቆሻሻ መኪናው ሹፌር። ቫሲቲ ጠርዝ ይዛ አቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም። እጆቿ መሪው ላይ ተጣብቀዋል፣ አንገቷ ከመስበቅ ብዛት ይንቀጠቀጣል፤ ትናንት የተራቆተው የአንገቷ ጀርባ ላይ ብርድ ይሄድባታል።

አናሴኒ አበቦቹን አዩ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ፣ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ወደ ኋላ ገፉት፤ ራሷ መደገፊያው ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ልታነሳው ሞከረች። እጁ አልለቀቃትም።

«ተደገፊ» አሉ።